የራሴን ጣሪያ ከቆራሌው ገዛሁ

የጭነት መኪናው ሾፌር ሁለቱን ቆርቆሮዎች አየና ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ይሄም ይጫናል?»

«ይጫናል።»

«ከቤት ዕቃው ጋር?»

«ዋናው ዕቃ እሱ ነው» አልኩት። ረዳቱ ሳቀ። ሾፌሩ ግን አልሳቀም። ፍራሹን ከዝገቱ አርቆ ሌላ ጥግ አቆመልኝ። እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

የዚያን ቀን ከፒያሳ ወደ ኮንዶሚኒየም የተጓዘው ንብረቴ ይሄ ነበር፤ ከድስትና ከብርድ ልብስ ሌላ ማለቴ ነው። ሁለት የዛገ ቆርቆሮ። ሁለት የቁም ሳጥን በር፣ ያለ ቁም ሳጥኑ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ያረጀ ነጠላ። ፌስታል ውስጥ የታጨቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ። አንድ ላይ የታሰሩ አሥራ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕሎች። አንድ እስር ስንደዶ። ጎረቤቶቼ ሠዓሊ መሆኔን ያውቃሉ። ዕቃው ሲወጣ ሲያዩ ግን አንዳንዶቹ ያዘኑልኝ መሰለኝ።

ከዓመታት በፊት ጋለሪ ያለው አንድ ሰው ሥራዎቼን ሊያይ ቤቴ መጥቶ ነበር። ሻይ ጠጣ። እየተዘዋወረ አየ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ግን የአምስት ሰው ሥራ ይመስላል። ስታይልሽን ፈልጊ» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። ያየውን ነው የተናገረው። እኔ ግን ለሦስት ወር እጄ አልሠራም። የትኛዋ ናት እኔ? ዘይት ቀለም የምትቀባዋ? እንጨት የምትቀርጸዋ? መርፌና ክር ይዛ የምትውለዋ?

ያኔ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁንም ያለኝ ቁንጽል ነው።

ያደግኩት ደብረ ታቦር ነው። እናቴ ሌማት፣ ሰፌድ፣ ሙዳይ ትሰፋለች። በእኛ ቤት ስፌት ሥራ ሳይሆን እንደ መተንፈስ ያለ ነገር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ትሰፋለች፤ ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር የትም ይዛው ትሄዳለች። ስንደዶው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍና ይለዝባል። በወስፌ ትወጋለች፣ ስንደዶውን ታሾልካለች፣ ሳብ አድርጋ ታጠብቃለች። መውጋት፣ ማሾለክ፣ ማጥበቅ። እኔም እንድማር አጠገቧ ታስቀምጠኝ ነበር። ጠላሁት። ወስፌው ጣቴን ይወጋኛል፤ ዙሬ ይላላል፤ እሷ ደግሞ አንዴ በአውራ ጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ላልቷል፣ ፍቺው» ትላለች። ያንን «ፍቺው» ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልናገርም።

ሥዕል ለእኔ ከዚያ በርጩማ ማምለጫ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቼ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ማለት ነው። መጀመሪያ ከሰል ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ዘይት ቀለም ይኬዳል። አንድ አስተማሪያችን ቀለሙ የሚለወስበት ዘይት የተልባ ዘይት መሆኑን ሲነግረን ማመን አቃተኝ። የፈረንጅ ምስጢር የመሰለኝ ነገር ተልባ ነው? ቅዳሜ ቤት ደወልኩ።

«ተልባ?» አለች እናቴ። «የምንጠጣው ተልባ?»

«አዎ፣ ዘይቱ።»

ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ከዚህ ልላክልሽ እንዴ?» አለችኝ። ኪሎ ተልባ ተቆልቶ ተወቅጦ መጣልኝ። ለሥዕል ሳይሆን ለጨጓራዬ ዋለ።

ስለዚህ ዘይት ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም በኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ በመትነን አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው የሚጠነክረው። ስስ ቅብ ቀናት ይወስዳል፤ ወፈር ካለ ወራት። ስለዚህ ዛሬ የቀባሽውን ነገ ታንቀሳቅሽዋለሽ፣ ትደመስሽዋለሽ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ታዋህጅዋለሽ። ጊዜ ያለው ሰው ቀለም ነው። ያኔ እኔ ከጊዜ ሌላ ምንም አልነበረኝም። አቡጀዲ ገዝቼ፣ ጣውላ ላይ ወጥሬ፣ በኮላ ለብጬ፣ አንዲት የጠላ ቤት ሴት ፊት ላይ ሁለት ወር እቆይ ነበር። አኳራጅ አኳራጅ እየሸተትኩ ታክሲ ስገባ ሰው መስኮት ይከፍታል። ደስ የሚል ዘመን ነበር።

አባቴ በ2003 ዓ.ም. ሞተ። ጥቁር ለበስኩ፤ ደንቡ ነው፣ ዓመት ይለበሳል። ቀለም መክፈት ግን አልቻልኩም። ቱቦውን እከፍታለሁ፣ ቢጫው ብቅ ሲል እዘጋዋለሁ። ነውር የመሰለኝ ይመስለኛል። ከተዝካሩ በኋላ ወንድሜ የአባታችንን ቁም ሳጥን ሊጥለው ሲል ሁለቱን በሮች ነቅዬ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አዲስ አበባ አመጣኋቸው። ዋንዛ ናቸው። በመሮ እየቀረጽኩ፣ ጥቁር ቀለም በሮለር እየቀባሁ፣ ወረቀት አስተኝቼ በማንኪያ ጀርባ እያሸሁ አተምኩ። ማተሚያ ማሽን የለኝም፤ ማንኪያ ይበቃል። ጥቁር ለብሼ ጥቁር ብቻ አተምኩ። የበሩ እጀታ የነበረበት ቀዳዳ በሁሉም ኅትመት ላይ ነጭ ክብ ሆኖ ይወጣል። ልደፍነው አስቤ ተውኩት። ጥቁሩን ሳወልቅ መሮውንም አስቀመጥኩ። ስለዚያ ዓመት ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ወደ ዘይት ተመለስኩ። አገባሁ። በ2008 ዓ.ም. ልጄ ተወለደች።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የምንኖረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ የአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ነበር። አንድ ክፍል። አልጋው፣ የሥዕል ማቆሚያው፣ የልጅቷ አልጋ፣ ሁሉም እዚያው። ባለቤቴ ሥራው መስክ ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ልጄ ሦስት ወር ከሆናት በኋላ አንድ ማታ እንደምንም ሰዓት ሰርቄ ቀባሁ። ዘይቱን የጠረግኩበትን ጨርቅ ሁሉ ጨማድጄ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ጠረጴዛ ሥር አደረግኩት። ሌሊት ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ጎረቤት ሽሮ ያሳረረ ነበር የመሰለኝ። መብራት ሳበራ ፌስታሉ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተጣብቋል፤ ከጨርቁ መሃል ጭስ ይወጣል።

ማንም እሳት አላስነካውም። የተልባ ዘይት ኦክስጅን ሲስብ ሙቀት ያወጣል። ሸራ ላይ ሲሆን ሙቀቱ ለአየር ይለቀቃል፣ አይታወቅም። ተጨማድዶ በተቀመጠ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ ስለሌለው እየተጠራቀመ ራሱን ይለኩሳል። ጨርቁ መዘርጋት ወይም ውሃ ውስጥ መነከር ነበረበት። አውቀው ነበር፤ ተምሬዋለሁ። ግን ደክሞኝ ነበር። ጨርቁን በባልዲ ይዤ ግቢው መሃል ቆምኩ። ልጄ የተኛችው ከጠረጴዛው ሁለት ሜትር አይርቅም ነበር። በማግሥቱ ቀለሙን፣ ዘይቱን፣ አኳራጁን ሰብስቤ ለአንድ ወጣት ሠዓሊ ሰጠሁ። ስለ ጨርቁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቅኩት።

አክሪሊክ ሞከርኩ። በውሃ ይቀጥናል፣ አይሸትም፣ አይቃጠልም። ግን ይቸኩላል። ልጅ አለቀሰች፣ አጠባሁ፣ አስገሳሁ፣ አስተኛሁ፣ ስመለስ ፓሌቱ ላይ ያለው ሁሉ ፕላስቲክ ሆኗል። ቀለም ውድ ነው። ሁለት ሳምንት ታግዬ ተውኩት።

ከዚያ አንድ ከሰዓት «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ በበር አለፈ። አሮጌ ልብስ ወስደው ሳፋ የሚሰጡት ናቸው። ወጣሁ። ልጁ ትከሻው ላይ ያረጁ ነጠላዎች ደርቧል። «ምን አለሽ እናት?» አለኝ። «እኔ ልገዛህ ነው» ስለው ግራ ገባው። ዋጋ ለመናገር እንኳ ተቸገረ። አምስት ነጠላ ገዛሁት።

ያረጀ ነጠላን ቀረብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይታችሁም ማለት አልችልም፤ ሁላችንም ሥሩ ነው ያደግነው። ግን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት ሌላ ነው። ትከሻው ጋ ሳስቷል፤ ድርና ማጉ ይቆጠራል። ጥለቱ ታጥቦ ታጥቦ ቀዩ ሮዝ ሆኗል። ጠርዙ ላይ ጣት የተቋጠረበት ጭምድድ አለ፤ ለሳንቲም ይሁን ለእንባ ማን ያውቃል። መሃሉ ላይ ደግሞ ራስ የሚሸፍነው ቦታ የቅቤ ወዝ አለው። እንዶድም ሳሙናም አያስለቅቀውም። ቀለም ስነክረው የቅቤው ቦታ አይቀበልም፤ የማላውቃት ሴት ራስ ቅርጽ እንደ ጨረቃ ነጥሎ ይቀራል። ያንን ሳይ ደነገጥኩ። ሥዕሉ ግማሹ ተሠርቶ ነው የመጣልኝ።

መርፌና ክር ይዤ ተቀመጥኩ። ክር ጥሩ ነገሩ መቋረጥ መቻሉ ነው። ልጅ ስታለቅስ መርፌውን ጨርቁ ላይ ትሰኪያለሽ፣ ትነሻለሽ። ስትመለሺ የተውሽበት ቦታ ይጠብቅሻል። አይደርቅም፣ አይቃጠልም። ሃያ ደቂቃ ሲገኝ የሃያ ደቂቃ ይሠራል። ልጄን አዝዬ እየተወዛወዝኩ የሰፋኋቸው መስመሮች ዛሬም ይታወቃሉ፤ ይዋዥቃሉ። አምስት ዓመት በዚህ ሄደ። ጋለሪ ያለው ሰውዬ የመጣው በዚያ መሃል ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ የሌሎች ሠዓሊዎችን ሥራ በዚህ ዓይን ማየት ጀመርኩ። መጽናኛ ፍለጋ ነው፣ አልደብቅም። እስክንድር ቦጎሲያን በሸራ ብቻ አልሠራም፤ በፍየል ቆዳም በዛፍ ልጣጭም ሠርቷል። ዘሪሁን የትምጌታ ቀጫጭን የቀርከሃ ጣውላ ጎን ለጎን ደርድሮ በላዩ ስሏል። አፈወርቅ ተክሌ በዘይት ቀለም ብቻ የሚያውቀው ካለ አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ይይ። ከበደች ተክለአብ ደግሞ ከአገር ስትወጣ ተይዛ ሶማሊያ ውስጥ አሥር ዓመት ገደማ ታስራለች። ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካ ገብታ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ተምራ፣ ከእስክንድር ጋር ዋሽንግተን ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ የሠራችው። አሥር ዓመት ባዶ እጇን ለቆየች ሴት «ስታይልሽ ከበፊቱ ጋር አይገናኝም» የሚል ሰው ካለ ማየት እፈልጋለሁ።

ኤልያስ ስሜ ግን ለየት አድርጎ ነው የያዘኝ። መርካቶ ተገዝቶ የሚመጣ የኮምፒውተርና የስልክ ሆድ ዕቃ፣ ሽቦው፣ ቺፑ፣ የኪቦርድ ቁልፉ፣ እሱ እጅ ሲገባ ከሩቅ ከአውሮፕላን እንደሚታይ የእርሻ ማሳ ይሆናል። ቀረብ ስትይ ሽቦው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ የሠሩት ዞማ ሙዚየም ደግሞ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በእጅ የተለሰነ፣ በእጅ የተቀረጸ። ስለ እሱ ሲወራ «ቆሻሻን ወደ ጥበብ የለወጠ» የሚሉት ነገር አለ። አይጥመኝም። ሽቦ ቆሻሻ የሚሆነው ለጣለው ሰው ነው። ለቆራሌው እንኳ ቆሻሻ አይደለም፤ በኪሎ ነው የሚሸጠው።

ወደ ቆራሌው ካመጣሁት ልጨርሰው።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ፈረሰ። ስለ ማፍረሱ ብዙ ተብሏል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። ቤት አከራዬ እናት ጣሪያውን ቆርቆሮ ለቆራሌው ሸጡት፤ ተገቢ ነው፣ ገንዘባቸው ነው። ጠዋት ሁለት ልጆች ወጥተው ሚስማር መንቀል ጀመሩ። እኔ ግቢው ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ከሥር አያለሁ። ስምንት ዓመት ከውስጥ ያየሁትን ጣሪያ ሲያወርዱት ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ በኩል አየሁት። አንደኛው ቆርቆሮ ላይ ሚስማሩ የወለቀበት ቀዳዳ አለ። በእሱ ነበር በበጋ አንዲት የሳንቲም ያህል ፀሐይ ገብታ ጠዋት ከልጄ አልጋ ተነስታ ቀን ላይ ምድጃው ጋ የምትደርሰው። ልጄ ሰዓት የምታየው በሷ ነበር። ክረምት ሲመጣ በሬንጅ እንደፍነዋለን፤ በጋ ሲሆን ሬንጁ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ይወድቃል፣ ፀሐይዋ ትመለሳለች።

«ያንን ስጠኝ» አልኩት ቆራሌውን። «ከጎኑ ያለውንም።»

«ቤትሽ ነው እንዴ?»

«ነበር።»

ዋጋ አልቀነሰልኝም። ሥራው ነው። የራሴን ጣሪያ በኪሎ ገዛሁት። ሽቦውንም ያኔ ነው የሰበሰብኩት፤ ከየቤቱ የተነቀለ የመብራት መስመር መሬት ላይ ነበር።

ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የመጀመሪያው ክረምት እንግዳ ነበር። እኛ ሁለተኛ ፎቅ ነን፤ ከላያችን ሰው አለ። ዝናቡ ይዘንባል፣ ድምፅ የለም። ልጄ መስኮት ጋ ሄዳ «እማዬ፣ እየዘነበ ነው እኮ፤ ለምንድነው ዝም ያለው?» አለችኝ። ቆርቆሮውን ከበረንዳ ወደ ሳሎን ያስገባሁት በዚያ ሳምንት ነው።

ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ላዩ በዚንክ ተለብጧል። ዚንኩ እስካለ ድረስ በብረቱ ፈንታ እሱ ነው የሚበላው። ሚስማር የበሳው ጋ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ጋ ዚንኩ ቶሎ ያልቃል፣ ዝገት ይጀምራል። ከዚያ ዝገቱ ውሃው የሄደበትን መንገድ ይዞ በሸንተረሩ ይወርዳል። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ በብረት ብሩሽ ሳራግፈው ቡናማው ከላይ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል፤ የተቀባ ነው የሚመስለው። ቀለም መጨመር ነውር ሆነብኝ። ጣቴን ቆረጠኝ፣ የቲታነስ መርፌ ተወጋሁ፣ ጓንት ገዛሁ።

ሽቦውን በቢላ እየላጥኩ መዳቡን አወጣሁት። ማቃጠል ቀላል ነበር፣ ጭሱ ግን መርዝ ነው። ሸንተረሩን ተከትዬ በሚስማር እየበሳሁ መዳቡን አስገብቼ ሳብ። እንደገና በሳሁ፣ አስገባሁ፣ ሳብኩ። ከፀሐይዋ ቀዳዳ ጀምሬ ወደ ውጭ እየዞርኩ ነበር የምሄደው። ሦስት ወር ሠራሁ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ግን አላሰብኩም።

እናቴ ባለፈው ዓመት ለዓይኗ ሕክምና መጣች። ሞራ ነበረባት። አንዱ ዓይኗ ከተሠራ በኋላ ለሁለት ሳምንት ቤቱን ሁሉ እንደ አዲስ አየችው፤ «ይሄ ሰማያዊ ነበር እንዴ?» ትላለች ስለ መጋረጃው። ግድግዳው ተደግፎ ወደቆመው ቆርቆሮ ግን ለቀናት አልቀረበችም። የቤት ዕድሳት ትርፍ የመሰላት ይመስለኛል። አንድ ጠዋት ከኩሽና ስወጣ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ በአውራ ጣቷ የመዳቡን ዙር ትዳስሳለች። ከመሃል ጀምራ፣ እየዞረች፣ ቀስ ብላ።

ሰባተኛው ዙር ላይ ቆመች።

«ይቺ ጋ ላልተሻል» አለች።

«የቱ ጋ?»

«ከዚህ እስከዚህ። ፍቺው።»

ተቀመጥኩ። እውነቷን ነው፤ ላልቷል። ከቀዳዳው ወደ ኋላ ልጎትተው ስል መዳቡ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሌላውንም ሞከርኩ፣ ተሰበረ። መዳብ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ ይሰበራል።

«ደርቋላ» አለች እናቴ። «ውሃ ውስጥ አትዘፈዝፊውም?»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ስንደዶ አይደለም። ይሄ የሚለዝበው በእሳት ነው። ፍም እስኪመስል ግሎ ሲቀዘቅዝ እንደ ክር ይሆናል።»

አየችኝ። መዳቡን አየችው። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ወደ በረንዳው ሄደች። ከሰል ማንደጃው ሲጎተት ሰማሁ።

«ማራገቢያው የት ነው ያለው?» አለች።